የመንግሥት የዓሣ ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሥራ በጣና ሐይቅ፦ ከጥያቄው እስከ ውሳኔው

በአገራችን ሐይቆች ላይ ዓሣ የሚያጠና ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጨርስ መረቡን ይሰበስባል። ፕሮጀክቱም ገንዘቡ ሲያልቅ ይዘጋል። አንድን ሐይቅ ሳይለቅ፣ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ቦታና ወር ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊከታተል የሚችለው የመንግሥት የምርምር ማዕከል ብቻ ነው። በማዕከሉ የሚቀጠር ተመራማሪ ትልቁ ሀብቱ ይህ ቆይታ መሆኑን ካልተረዳ፣ ሥራው ከሌላው አጭር ጥናት የሚለይበት ነገር አይኖርም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት አዲስ ለሚገቡና ገብተውም ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ለገባቸው ነው።

ምሳሌዬ ጣና ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ተነጥለው ኖረዋል። ላቤኦባርበስ ከሚባለው ወገን ብቻ 15 ዝርያዎች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ በልተው የሚኖሩ ናቸው። ዝርያዎቹ የካርፕ ቤተሰብ ስለሆኑ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጨጓራም የላቸውም። ጥርስም ጨጓራም ሳይኖረው ዓሣ አድኖ የሚኖር ዓሣ በዚህ ብዛት በአንድ ሐይቅ ሲገኝ የዓለም ሳይንስ የሚደነቅበት ነገር ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ጠፍቷል። የጣናው ግን አሁንም አለ፤ እንዲኖር ማድረግም የእኛ ሥራ ነው።

1. የት ይገባል፣ ምን ይዞ ይገባል?

የመንግሥት የዓሣ ምርምር በፌዴራልና በክልል ተቋማት ተከፋፍሎ ይሠራል። ሰበታ ያለው ብሔራዊ ማዕከል የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል ነው። የባሕር ዳሩ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነው፤ የባቱው ደግሞ በኦሮሚያ ክልል አቻው ሥር ይሠራል። በባዮሎጂ፣ በዓሣ ሀብት ወይም በውሃ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በጀማሪ ተመራማሪነት መግባት ይቻላል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ያስተምራሉ። ከፍ ያለ ዲግሪ ከገቡ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ መማር የተለመደ ነው። ለዚያ የሚፈረመውን የአገልግሎት ግዴታ ውል ግን በሙሉ አንብበው ይፈርሙ፤ ከትምህርት ሲመለሱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ የሚወስነው እሱ ነው።

ከዲግሪው ባሻገር ሦስት ነገሮች ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው፤ ስታቲስቲክስ፣ ዝርያ የመለየት ትዕግሥት እና ዋና። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ግን አይንቀውም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መረብ ለመጣል አይቸኩሉ። መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጡትን የቀድሞ ዓመታዊ ሪፖርቶች ያንብቡ፤ የት፣ በየትኛው መረብና በየትኛው ወር እንደተሠራ በሠንጠረዥ ያውጡ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ወደሚራገፍበት ቦታ ይሂዱ። ዕድሜ ጠገቡን አስጋሪ «ጋሼ» ብለው አጠገባቸው ይቀመጡና ጠይቀው ያድምጡ። የትኛው ወንዝ አፍ ላይ መቼ ዓሣ እንደሚሰበሰብ፣ ድሮ ይወጣ የነበረ የትኛው ዓሣ እንደቀረ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሚነግሩዎት ግምት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን የት መለካት እንዳለብዎት ያሳያል።

2. ጥያቄውን ከውሳኔ ይጀምሩ

«የጣና ዓሦች ሥነ ምህዳር ጥናት» የሚል ርዕስ ያለው ፕሮፖዛል በግምገማ መድረክ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ውጤቱ ግን ማንም የማይጠቀምበት ሪፖርት ነው። የመንግሥት ተመራማሪ ጥያቄ ከጀርባው የሚወስን ሰው ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ፦ የጉማራ ወንዝ አፍ ለስንት ሳምንትና ከመቼ እስከ መቼ ለአስጋሪ ቢዘጋ እንቁላል ሊጥሉ የሚወጡት ዓሦች ያልፋሉ? በዚህ ጥያቄ ውስጥ ቦታው፣ ጊዜውና የሚመለከተው ቢሮ ሁሉ አሉ።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት በጣና ላይ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው። ከ15ቱ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በግልገል ዓባይ ወደ ላይ ይጓዛሉ። ጠጠር ያለበት፣ ውሃው ጥርት ያለና አየር የበዛበት ገባር ደርሰው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አስጋሪውም ይህን ያውቃል። የደንገል ታንኳ ብቻ በነበረበት ዘመን በዚያ ቦታ የሚደርሰው ጉዳት የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ሲገቡ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ናሙና እ.ኤ.አ. በ2001 ሲደገም፣ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኙ፤ ወጣቶቹ ዓሦችም አሽቆልቁለው ነበር። ሊራቡ የተሰበሰቡትን ማስገር ቀጣዩን ትውልድ አብሮ ማጥፋት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ልብ ይበሉ፤ ያ ንጽጽር የተቻለው የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ቦታውን፣ መረቡንና ወሩን በትክክል ጽፈው ስለተዉ ነው። አለበለዚያ ማሽቆልቆሉን አስጋሪው ይናገረው ነበር እንጂ ሳይንስ ሊያረጋግጠው አይችልም ነበር።

3. በጀትና ዝናብ አይገጥሙም

ይህ ክፍል በየትኛውም የሥነ ምህዳር መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ብዙ ጥሩ ጥናት የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዓሦቹ ወደ ወንዝ የሚወጡት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሲሆን ጉዞው በነሐሴና በመስከረም ይበረታል። በጀቱ ጸድቆ፣ ተለቆ፣ ግዥው ተፈጽሞ፣ ውሎ አበሉ ተከፍሎ እስኪያልቅ ዓሦቹ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። የዓመቱ ዋና ወር በወረቀት ሥራ ያልፋል ማለት ነው።

መፍትሔው ክረምቱን በያዝነው ዓመት ገንዘብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። መረብ፣ ፎርማሊን፣ አልኮል፣ ጠርሙስ፣ ባትሪና የጀልባ ሞተር መለዋወጫ እስከ ግንቦት ድረስ ገዝተው መጋዘን ያስገቡ። ሰኔ ከመጠናቀቁ በፊት የነሐሴን የመስክ ስምሪት ዕቅድ ከፋይናንስና ከትራንስፖርት ክፍል ጋር በጽሑፍ ይጨርሱ፤ ነዳጅና ውሎ አበል እንዴት እንደሚሸፈን ኃላፊው በሐምሌ መጀመሪያ እንዲወስኑ ማስታወሻ ያቅርቡ። የመረብ ግዥ ሲጠይቁ ዝርዝር መግለጫው ላይ የክሩን ውፍረት፣ ባለብዙ ፈትል መሆኑን፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ ቁመቱንና ቀለሙን ይጻፉ። «የዓሣ መረብ 20» ብሎ የጠየቀ ሰው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ የያዘውን ይቀበላል፤ የዘንድሮ ቁጥር ከአምናው ጋር የማይወዳደረውም በዚህ ምክንያት ነው።

4. ቦታና መረብ መምረጥ

ከአሥር ደካማ ጣቢያ አራት ጠንካራ ጣቢያ ይሻላል። በጣና ላይ ቢያንስ አንድ የወንዝ አፍ፣ ዕፀዋት ያለበት አንድ ዳርቻ፣ ድንጋያማ ዳርቻ እና አንድ የሐይቁ ክፍት ውሃ ሊኖር ይገባል፤ ዝርያዎቹ በእነዚህ መካከል ይለያያሉና። የእያንዳንዱን መጋጠሚያ በጂፒኤስ ይያዙ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ መረብ መጣያ ቦታን ይሸፍናል። ቦታው በእምቦጭ ከተያዘ ጣቢያውን ዝም ብለው አያዛውሩት። አረሙ ምን ያህሉን እንደሸፈነ ይመዝግቡ፣ በአቅራቢያው ንጹህ ውሃ ላይ ይጣሉ፣ መዛወሩንም ይጻፉ።

መረቡ ጊልኔት ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተዘርግቶ ዓሣው በቀዳዳው ሊሾልክ ሲል የሚይዝ መረብ። አንዱ ቀዳዳ የሚይዘው የተወሰነ መጠን ያለውን ዓሣ ብቻ ስለሆነ ብዙ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ በጣና ላይ ሲሠራባቸው የቆዩት ሲወጠሩ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሴንቲ ሜትር የሚለኩት ናቸው። አስጋሪው የሚሸጥ ዓሣ ይፈልጋል፤ እርስዎ ግን ነገ የሚመጣውን ወጣት ዓሣ ማየት አለብዎትና 6 እና 8ን አይተዉ። ሁሉንም ቀዳዳዎች በእኩል ርዝመት ይጠቀሙ፤ ሁልጊዜም በአንድ ቅደም ተከተል ሳይሆን በዕጣ እየቀያየሩ ይጣሉ። ከአንድ ፈትል የሚሠራውን ስስ ፕላስቲክ መረብ ለናሙና አይጠቀሙ፤ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የዓሣ አያያዙ ስለሚለይ የቆየውን ተከታታይ መረጃ ይሰብረዋል። በሐይቁ ላይ ያመጣው ጥፋትም የታወቀ ነው።

5. ሌሊቱና ጠዋቱ

ከመውጣትዎ በፊት የመንሳፈፊያ ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ አይውጡ። በወንዝ አፍ ላይ ጉማሬ አለ፤ በጨለማ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ለማንሳት የሚሞክር ቡድን ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ዳርቻው ላይ በባዶ እግር አይግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጀልባ ነጂው ነፋሱን አይቶ «እንመለስ» ካለ ይመለሳሉ፤ ዶክተርም ቢሆኑ ውሃው ላይ የሚወስነው እሱ ነው።

መረቡ አመሻሽ ላይ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሣል። ሲጥሉ የውሃውን ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ፒኤች (አሲዳማነት)፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እና በሴኪ ዲስክ፣ ማለትም ከዓይን እስኪሰወር ወደ ውሃ በሚወርድ ክብ ሰሌዳ፣ የሚለካውን ጥራት ይያዙ። ክረምት ላይ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው አፈር የጣናን ውሃ ያደፈርሰዋል፤ የሴኪ ልኬቱ በኋላ ላይ የብዙ ነገር ማብራሪያ ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ ልኬቱ ለመወሰድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ሰዓቱና ቀኑ። መረቡ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተጥሎ ጠዋት 1 ሰዓት ቢነሣ 14 ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይቷል። አንዱ ባልደረባ የጣለበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 11 ብሎ ጽፎ፣ ሌላው የተነሣበትን ከጂፒኤሱ ላይ 7 ብሎ ቢገለብጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የገባው ቆይታ ፍጹም የተሳሳተ ይሆናል። በቅጹ አናት ላይ የትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ታትሞ ይቀመጥ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል፦ «ነሐሴ 28 ቀን 2016 / ሴፕቴምበር 3 ቀን 2024»። ወሩ «8» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ኦገስት (ነሐሴ ገደማ) ይሁን ሚያዝያ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚለይ ሰው አይኖርም።

በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይረጥባል። ምንም ያልያዘ መረብም «0» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት ከዚህ በታች በስሌቱ ላይ ይታያል።

ዓሣውን ከመረቡ ሲያወጡ የየቀዳዳውን ለየብቻ በተለያየ ከረጢት ያድርጉና በበረዶ ሳጥን ያስቀምጡ። ሙቀት ላይ የዋለ ዓሣ የበላው ነገር በሆዱ ውስጥ ይፈጫል፣ እንቁላሉም ይበላሻል። በሕይወት ያለውን ቶሎ ይግደሉት ወይም ለክተው ቶሎ ይልቀቁት፤ በጀልባው ወለል ላይ ሲታገል እንዲቆይ አያድርጉ። ለናሙና የማይፈለገው የሚበላ ዓሣ ለማን እንደሚሄድ ደግሞ ከመውጣትዎ በፊት በጽሑፍ ይወሰን፤ ያልተወሰነ ከሆነ በጠዋቱ ጀልባ ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል።

6. ሰሌዳው ላይ

ዝርያ መለየት የዚህ ሥራ ልብ ነው። ማራገፊያ ላይ ላቤኦባርበስ ሁሉ «ነጭ ዓሣ» ተብሎ በአንድ ሚዛን ይቀመጣል፤ ቀረሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ ብቻ ለየብቻ ይመዘገባሉ። ስለዚህ በይፋዊው አኃዝ ላይ ነጭ ዓሣ ሳይቀንስ አንዱ ዝርያ ከውስጡ ሊጠፋ ይችላል። ይህን የሚያየው መረብ ጥሎ በዓይኑ የለየ ተመራማሪ ብቻ ነው።

ዓሣውን በግራ ጎኑ አስተኝተው የአፉን አቅጣጫ ያስተውሉ፤ ወደ ታች ነው፣ ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ላይ? ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው? ከአፉ አጠገብ ያሉት ጢሞች ረጅም ናቸው? ከራሱ ኋላ ጉብታ አለው? ዓይኑ ከራሱ ጋር ሲወዳደር ትልቅ ነው? እነዚህን አንድ ላይ አይተው ይወስኑ፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። በተለይ ትንንሾቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ «ያልተለየ ላቤኦባርበስ» ብለው ይጻፉ። የተሳሳተ ስም ከባዶ ቦታ የባሰ ነው፤ ባዶውን ማንም ያየዋል፣ ስህተቱን ግን ማንም አያየውም። ከየዝርያው ጥቂት ናሙና በፎርማሊን አጽንተው በኋላ ወደ አልኮል አዛውረው ያስቀምጡ፤ ለዘረመል ምርመራ ከክንፉ ጫፍ ቁራጭ ቆርጠው በንጹህ አልኮል ይያዙ። መለያ ወረቀቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ ክዳን ላይ የተለጠፈ መለያ ይወድቃል። የዘረመል ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። የውጭ አጋርዎ ቢቸኩልም ያለ ፈቃዱ አይላኩ።

ቀጥሎ ርዝመት። የፎርክ ርዝመት የሚባለው ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሃል ስንጥቅ ድረስ ያለው ነው፤ የጅራት ጫፍ ስለሚበጣጠስ ለላቤኦባርበስ ይህ ይመረጣል። ጅራቱ ሹካ ቅርጽ ለሌለው ለቀረሶና ለአምባዛ ጠቅላላ ርዝመት ይያዛል። የትኛው እንደተለካ በቅጹ ላይ ይጻፍ። ክብደቱ ከርዝመቱ በኋላ፣ ውሃው ከላዩ ተጠርጎ ይመዘናል።

ከዚያ ሆዱን ይክፈቱ፤ ከፊንጢጣው ቀዳዳ ተነስተው ወደ ፊት፣ መቀሱን ጫፉን ወደ ላይ አድርገው አንጀቱን ሳይነኩ። ፆታውንና የመራቢያ አካሉን ደረጃ ይወስኑ። ገና ያልደረሰው እንደ ክር ቀጭን ነው፤ የደረሰው ሆዱን ይሞላል፣ እንቁላሉም በዓይን ይቆጠራል፤ ሊጥል የተዘጋጀው ሆዱን ቀስ ብለው ሲጫኑት ይፈስሳል፤ የጣለው ደግሞ ልሙጥና ደም የቋጠረ ይሆናል። የመራቢያ አካሉን ይመዝኑ። 900 ግራም ዓሣ 72 ግራም እንቁላል ቢኖረው 8 በመቶ ነው። ይህ መቶኛ በየወሩ ተሠልቶ በመስመር ሲያያዝ የመራቢያ ወቅቱን ጫፍ ያሳያል፤ የመዝጊያውን ሳምንት የሚመርጡት በዚህ መስመር ነው።

የምግቡን ናሙና ከላቤኦባርበስ ሲወስዱ ጨጓራ አይፈልጉ፤ የለውም። ከአንጀቱ የፊተኛው ክፍል፣ ሰፋ ካለው ቦታ ይውሰዱ፤ የኋላው ክፍል የተፈጨና የማይለይ ነው። ለአምባዛ ግን ጨጓራው ይከፈታል።

ፎርማሊን በተመለከተ፦ በክፍት ቦታ ይሥሩ፣ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ካንሰር የሚያስከትል ኬሚካል ነው። አሮጌ ጠርሙስ ውስጥ ቀርቶ በኮሪደር የሚንከራተት ፎርማሊን ካዩ ዝም አይበሉ።

7. ቁጥሩን ማስላት

የመጀመሪያው ቁጥር በአንድ ሌሊት በ100 ሜትር መረብ የተያዘው መጠን ነው። ለምሳሌ በ10 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ በአራት ሌሊት 12፣ 0፣ 31 እና 5 ዓሣ ተይዞ ቢሆን አማካዩ 12 ነው። ባዶውን ሌሊት «መረጃ የለውም» ብሎ የጣለ ሰው 16 ያገኛል፤ የዓሣው ሀብት በአንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሮ ይታየዋል። ሐይቁ እየደኸየ ሲሄድ ባዶ መረቦች ይበዛሉ፤ እነሱን መጣል ማሽቆልቆሉን መደበቅ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ መረቡ በ7 ሰዓት የያዘውን በእጥፍ አባዝቶ የ14 ሰዓት ማድረግ አይቻልም፤ መረብ እየሞላ ሲሄድ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ቆይታውን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ያድርጉና በሌሊት ይቁጠሩ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ለእያንዳንዱ የምግብ ዓይነት የብዛት መቶኛና የክብደት መቶኛ ይደመራል፤ ድምሩ ከተገኘበት ዓሣ መቶኛ ጋር ይባዛል። ነፍሳት በብዛት 70፣ በክብደት 15፣ በ50 በመቶ ዓሦች ውስጥ ቢገኙ 4,250 ይሆናል። የተበላ ዓሣ በብዛት 20፣ በክብደት 60፣ በ40 በመቶ ውስጥ ቢገኝ 3,200 ነው። በዚህ ስሌት ነፍሳት ይበልጣሉ፤ ሆኖም ዓሣውን ያሳደገው ሥጋ በአብዛኛው የተበላው ዓሣ ነው። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም መቶኛዎች ለየብቻ ያሳዩ።

ሦስተኛው ግማሾቹ ዓሦች ለአቅመ መራባት የሚደርሱበት ርዝመት ነው። ይህን በየዝርያው ያስሉና መረቡ ከሚይዘው ርዝመት ጋር ያነጻጽሩ። አስጋሪው መረብ መያዝ የሚጀምረው ዓሣው አንዴም ሳይራባ ከሆነ የቀዳዳው ስፋት መጨመር አለበት። ለዚህ ሁሉ አር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ጥሬ መረጃው ግን ሳይነካ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፣ ማስተካከያው ሁሉ በኮዱ ውስጥ ይሁን።

8. ውጤቱን ለሚወስነው ማድረስ

በዓለም አቀፍ መጽሔት መታተም ለዕድገትም ለሳይንስም ይጠቅማል፤ ይቀጥሉበት። ነገር ግን የወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ ያንን አያነብም፤ አያገኘውምም። በአማርኛ የተጻፈ፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ ያዘጋጁ። የመጀመሪያው መስመር የሚፈለገው ውሳኔ ይሁን፤ የትኛው ወንዝ አፍ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ከአፉ ስንት ርቀት ድረስ። ቀጥሎ አንድ ሥዕል፣ ከዚያ ሕጉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና የክልሉ ሕግ ለመከልከልና ለመፍቀድ የሚያስችለውን ሥልጣን ይሰጣሉ፤ እርስዎ የሚያቀርቡት መረጃ ያ ሥልጣን የት ላይ እንደሚውል ያሳያል።

ማስታወሻውን ከመላክዎ በፊት የአስጋሪ ማኅበራቱን ሰብስበው ያነጋግሩ። ክልከላው የሚነካው እነሱን ነው። የነሐሴን ገቢ ያጣ ቤተሰብ በዚያ ወር ምን ይበላል የሚለውን ጥያቄ ተመራማሪው አልመለሰውም ብሎ ማንም አይወቅሰውም፤ ቢያነሳው ግን ውሳኔው ወረቀት ላይ አይቀርም። ወንዙ ላይ አሸዋ የሚያወጡትን፣ ውሃ የሚጠልፉትንና የመስኖ ግድብ የሚገነቡትን አካላትም ይጋብዙ። ዓሣው የወንዙን አፍ ቢያልፍም ጠጠሩ በአሸዋ አውጪ ከተነሣ፣ ወይም ወንዙ በመስከረም ከደረቀ የሚጥልበት ቦታ አያገኝም። ያንን ጥፋት በአስጋሪው ብቻ ማላከክ ፍትሐዊ አይደለም።

9. ማስረከብ

ሰው ይዛወራል፣ ለትምህርት ይሄዳል፣ ጡረታ ይወጣል። የርክክብ ሰነዱ የሚጻፈው መሸኛው ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነው። የጣቢያዎቹ መጋጠሚያ፣ የቅጹ ናሙና፣ የእያንዳንዱ ዓምድ ትርጉምና መለኪያ፣ የመረቡ ሙሉ መግለጫና የተገዛበት ዓመት፣ የጠርሙሶቹ ዝርዝር ከቁልፉ ጋር፣ እንዲሁም ያልተሠሩ ወሮች ከነምክንያታቸው ይግቡበት። የመረጃው ቅጂ በግል ኮምፒውተር ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በማዕከሉ፣ አንዱ በኢንስቲትዩቱ ዋና መሥሪያ ቤት ይኑር። የተጻፉት ወረቀት ቅጾችም ተቃኝተው ይቀመጡ እንጂ አይጣሉ።

መረቡ አርጅቶ አዲስ ሲገዛ፣ በተለይ አምራቹ ከተለወጠ፣ አሮጌውንና አዲሱን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በተመሳሳይ ሌሊት ጎን ለጎን ይጣሉ። የሁለቱን ልዩነት በቀዳዳና በዝርያ አስልተው በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስፍሩ። አሮጌው ከገበያ ሳይጠፋ ይህ መደረግ ስላለበት፣ የሚተኩትን መረቦች ዝርዝር ለዘንድሮው የግንቦት ግዥ ከአሁኑ ያስገቡ።